ጎ ሶኬት ላይ እንዴት ነው የሚጠብቀው? በኤስትሬስ ገብተን እንየው

ጎ በሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ የተጻፈ ሰርቨር ኮዱን ስታዩት ሁሉም ነገር ተራ በተራ ነው። "ሪድ" ትላላችሁ፣ ዳታ እስኪመጣ እዚያው መስመር ላይ ይቆማል፣ ከዚያ ይቀጥላል። ኮልባክ የለም፣ "አዌይት" የለም። ግን አሥር ሺህ ሰው ቢገናኘው አሥር ሺህ ትሬድ (ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የሚያስኬደው የሥራ መስመር) አይከፍትም። ሥራው ያለው ራንታይሙ (ከፕሮግራማችሁ ጋር አብሮ የሚሠራው የጎ ክፍል) ውስጥ ነው። ሊኑክስ፣ ኤስትሬስ (ፕሮግራም ከሊኑክስ የሚጠይቀውን ሁሉ የሚያሳይ መሣሪያ) እና ኔትካት (ከሰርቨር ጋር ከተርሚናል የሚያገናኝ መሣሪያ) ካላችሁ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ።

መጀመሪያ ትንሽዬ የኤኮ ሰርቨር ጻፉ። ፖርት 9000 ላይ ሊስን ያድርግ፣ በሉፕ አክሰፕት ያድርግ፣ ለእያንዳንዱ ኮኔክሽን አንድ ጎሩቲን (ራንታይሙ ራሱ የሚመራው ከትሬድ የቀለለ የሥራ መስመር) ያስነሳ፣ ጎሩቲኑም ያነበበውን መልሶ ይጻፍ። "አይኦ ኮፒ"ን ግን አትጠቀሙ፤ ሊኑክስ ላይ ስፕላይስ በሚባል አቋራጭ ስለሚሄድ የምንፈልገውን አያሳየንም። "ጎ ራን"ም አይሆንም፣ የኮምፓይለሩ ጫጫታ ይደባለቅባችኋል። ቢልድ አድርጉና የወጣውን ፋይል በኤስትሬስ አስነሱት። ሁሉንም ትሬድ እንዲከተል የኤፍ ምልክቷን (-f) አትርሱ።

ገና ማንም ሳይገናኝ ሶኬቱ (ሰርቨሩ የኔትወርክ ግንኙነት የሚቀበልበት በር) ኢፖል ላይ፣ ማለትም የትኛው ሶኬት ዝግጁ እንደሆነ የሚያሳውቀው የሊኑክስ አገልግሎት ላይ፣ ሲመዘገብ ታያላችሁ። ቀጥሎ አክሰፕት ይጠራል፣ ወዲያው "ኢአጌን" የሚል ስህተት ይዞ ይመለሳል። አትደንግጡ፣ ብልሽት አይደለም። ጎ ሶኬቱን ሲከፍት ኖን ብሎኪንግ አድርጎታል፤ ስለዚህ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ትሬዱን አስሮ ከማቆየት ይልቅ "አሁን ምንም የለም፣ ቆይተህ ሞክር" ይለዋል። ይህ ስህተት ወደ እናንተ ኮድ አይደርስም። ራንታይሙ ይቀበለዋል፣ ጎሩቲኑን ያስተኛዋል፣ ትሬዱን ለሌላ ጎሩቲን ይሰጠዋል። የሚሠራ ጎሩቲን ከጠፋ አንድ ትሬድ ኢፖል ላይ ይተኛል።

አሁን በሌላ ተርሚናል በኔትካት ተገናኙ። ኢፖል ይነቃል፣ አክሰፕት አዲስ የፋይል ቁጥር ይመልሳል፣ እሱም በተራው ይመዘገባል። ሪዱም ያው ኢአጌን ነው፣ ምንም አልጻፋችሁማ! "ሰላም" ብላችሁ ኢንተር በሉ። ሪድ 10 ይመልሳል፦ በዩቲኤፍ 8 እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ነው፣ አንዷ ባይት የአዲስ መስመር ናት።

ሲመዘገብ "ኢፖልኢቲ" የሚል ምልክት ይታያችኋል። ከርነሉ የሚያሳውቀው አዲስ ነገር ሲመጣ እንጂ ዳታው ስላለ ብቻ ደጋግሞ አይደለም ማለት ነው። ስለዚህ ራንታይሙ ቀድሞ ያነባል፣ የሚተኛው ኢአጌን ሲያገኝ ነው።

ኔትካት የተከፈተባቸውን መስኮቶች አብዙ። ትሬዶቹ በዚያው ልክ አይበዙም። ጎሩቲን ሲነሳ ስታኩ 2 ኪሎባይት ነው፤ የሊኑክስ ትሬድ ግን ብዙ ጊዜ 8 ሜጋባይት የአድራሻ ቦታ ይያዝለታል። ይህ ሁሉ ግን ለሶኬት እንጂ ዲስክ ላይ ላለ ተራ ፋይል አይሠራም። ኢፖል እሱን አይቀበልም፣ ፋይል ሲነበብ ትሬዱ ራሱ ይቆማል።

አንድ አደጋ አለ፦ የተኛ ጎሩቲን ዳታ ካልመጣ እስከመጨረሻው ሊተኛ ይችላል። ከሪዱ በፊት የ30 ሰከንድ ሪድ ዴድላይን (የማንበቢያ ጊዜ ገደብ) አስገቡና ተገናኝታችሁ ዝም በሉ። ትሬዱ ኢፖል ላይ ሲተኛ -1 (ያለ ጊዜ ገደብ ጠብቅ) የነበረበት ቦታ ላይ ወደ 30,000 የሚጠጋ ሚሊሰከንድ ይመጣል። ጊዜው ሲያልቅ ራንታይሙ ጎሩቲኑን ይቀሰቅሰዋል፣ ሪድም የታይምአውት ስህተት ይመልሳል። ያን ጊዜ ኮኔክሽኑን መዝጋት የእናንተ ሥራ ነው።