የሰማይ ፎቶ ዕቃ፦ መጀመሪያ የትኛውን ልቀይር?

ኔቡላ (የሕዋ ጋዝና አቧራ ደመና) እና ጋላክሲ ማንሳት የጀመረ ሰው ፎቶው አልጠራ ሲለው ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ካሜራው ላይ ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ወራት ቆጥቤ አዲስ ካሜራ ገዛሁና ሰማዩ በጠራበት የመጀመሪያ ሌሊት ይዤው ወጣሁ። ጠዋት ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ያው የድሮው ሞላላ ኮከብ ጠበቀኝ፤ ልዩነቱ አሁን በብዙ ፒክስል መሳሉ ብቻ ነው። ጥፋቱ ለካ ከካሜራው ስር ያለው፣ ካሜራውን ተሸክሞ ኮከቦቹን እየተከተለ የሚዞረው ማውንት ኖሯል።

ስለዚህ ምን ልግዛ ከማለት በፊት ምኑ ነው የተበላሸው ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። ለዚህ ደግሞ ኮከቦቹ ራሳቸው በቂ ምስክር ናቸው።

1. አንድ ጥሬ ፍሬም ከፍታችሁ ኮከቦቹን እዩ

ከብዙ ነጠላ ፎቶዎች (ፍሬሞች) ተደራርቦና ተቀናብሮ ያለቀውን ፎቶ ለጊዜው ተዉት። ካነሳችኋቸው ነጠላ ፍሬሞች አንዱን ክፈቱ፣ ወደ 100 በመቶ አሳድጉት፣ መጀመሪያ መሃሉን፣ ቀጥሎ አራቱን ማዕዘኖች ተመልከቱ።

ኮከቦቹ በፍሬሙ ሙሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ከተለጠጡ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ክትትሉ ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ማውንቱ እየተከታተለ፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ብርሃን የሚያጎላበትን መጠን) ጨምራችሁ ያንኑ የሰማይ ክፍል በ1 ሰከንድ፣ ከዚያ በ60 ሰከንድ አንሱት። በ1 ሰከንዱ ክብ፣ በ60ው ሞላላ ከሆኑ ሌንሱም ካሜራውም ነጻ ናቸው። የሚጠየቀው ማውንቱ ወይም ዘንጉን ወደ ሰማይ ዋልታ፣ ሰማዩ ወደሚዞርባት ነጥብ፣ ያቀናችሁበት መንገድ ነው። በ1 ሰከንዱም ከተለጠጡ ግን አዲስ ማውንት አያድናችሁም።

ከ20 ፍሬም አራቱ ብቻ ከተበላሹስ? ነፋስ፣ የተንጠለጠለ ገመድ ወይም የላላ ትራይፖድ ይሆናል። ብሎኖቹን አጥብቁና እለፉ።

መሃሉ ላይ ነጥብ የመሰሉት ኮከቦች ማዕዘኖቹ ላይ ክንፍ ካወጡ ነገሩ የሌንስ ነው። የካሜራ ሌንስ ከሆነ አፐርቸሩን (የብርሃን ማስገቢያውን ቀዳዳ) ከኤፍ 2.8 ወደ ኤፍ 4 አጥብባችሁ ሞክሩ። ቴሌስኮፕ ከሆነ በፍላተነሩ (የምስሉን ጠርዝ በሚያስተካክለው ተጨማሪ ሌንስ) እና በካሜራው ብርሃን ተቀባይ፣ በሴንሰሩ፣ መካከል ያለውን ርቀት ለኩ። ብዙዎቹ ፍላተነሮች የሚፈልጉት 55 ሚሊሜትር ነው፤ የትንሽ ሚሊሜትር ስህተት ማዕዘኑን ያበላሻል፣ መድኃኒቱም አንዲት ስስ ቀለበት ልትሆን ትችላለች።

ኮከቦቹ ክብ ሆነው ካበጡ ፎከሱን ፈትሹ። ባህቲኖቭ ማስክ የሚባለውን ባለ ሽንቁር ክዳን ሌንሱ ፊት ገጥማችሁ ወደ ደማቅ ኮከብ አነጣጥሩ። ሦስት ጨረሮች ይታያሉ፤ መካከለኛው ልክ የሁለቱን መገናኛ ሲያቋርጥ ፎከሱ ገብቷል ማለት ነው። ማታ ደህና የነበረው እኩለ ሌሊት ላይ ካበጠ ደግሞ ወይ ቅዝቃዜው ፎከሱን አንቀሳቅሶታል፣ ወይ ሌንሱ ላይ ጤዛ ወርዷል። የእጅ ባትሪ ከጎን አብርታችሁ መስታወቱን እዩት። ጭጋግ ከለበሰ መጀመሪያ የሚገዛው የሌንስ ማሞቂያ ቀበቶ ነው። ከግዢዎቼ ሁሉ ብዙ ሌሊት ያተረፈችልኝ ይህቺው ናት።

2. ሂሳቡን ሥሩ

ሰማዩ በአንድ ሰከንድ 15 አርክሰከንድ ያህል ይዞራል፤ አንድ አርክሰከንድ የአንድ ዲግሪ 3,600ኛ ክፍል ነው። አንድ ፒክስል ምን ያህሉን እንደሚይዝ ለማወቅ የፒክስሉን መጠን በማይክሮሜትር ወስዳችሁ በ206 አባዙ፣ ውጤቱን በሚሊሜትር ለተለካው የፎካል ርዝመት አካፍሉ። ባለ 4.3 ማይክሮሜትር ፒክስል ካሜራ 200 ሚሊሜትር ሌንስ ላይ 4.4 አርክሰከንድ ይሰጣል። ይህን ይዞ ያለ ክትትል ላነሳ ሰው፣ ከሰማይ ወገብ (ከሁለቱ የሰማይ ዋልታዎች እኩል ከራቀው መስመር) አጠገብ ያለ ኮከብ በአንድ ሰከንድ ከ3 ፒክስል በላይ ይንሸራተትበታል።

ያው ካሜራ 600 ሚሊሜትር ቴሌስኮፕ ላይ ሲገጠም አንድ ፒክስል ወደ 1.5 አርክሰከንድ ይወርዳል። ትናንት ዓይን ውስጥ ያልገባ የማውንት ስህተት ዛሬ ሦስት እጥፍ ገዝፎ ይታያል፣ የቴሌስኮፑ ክብደትም ይጨመርበታል። ረጅም ቴሌስኮፕ ቀድሞ መግዛትን የምቃወመው ለዚህ ነው። ደግሞም ሁሉም ነገር ትንሽ አይደለም፦ አንድሮሜዳ ጋላክሲ 3 ዲግሪ ገደማ ስለሚረዝም ኤፒኤስ-ሲ በሚባለው መካከለኛ መጠን ያለው ሴንሰር ላይ በ400 ሚሊሜትር ይገባል፤ በ1,000 ሚሊሜትር ተቆርጦ ይቀራል።

3. ያለ ገንዘብ የሚሻሻለውን ጨርሱ

ቅሬታችሁ ኖይዝ፣ ፎቶው ላይ የሚበተነው ብናኝ መሰል ነጠብጣብ፣ ከሆነ የሰበሰባችሁትን ሰዓት ቁጠሩ። ጥራቱ የሚያድገው በጊዜው ስኩዌር ሩት ስለሆነ ከ1 ሰዓት ወደ 4 ሰዓት መሄድ እጥፍ ያሻሽለዋል። ከመብራት ርቆ መሄድ ደግሞ ከብዙ ዕቃ ይበልጣል። ቀለበት የሚመስሉት የአቧራ ጥላዎች በፍላት ፍሬም (እኩል የበራ ባዶ ገጽ ተነስቶ በሚገኝ ማስተካከያ ፎቶ) ይጠፋሉ። ለመደራረቡም ሲሪል የተባለው ነጻ ፕሮግራም ይበቃል።

4. አሁን ግዙ

ትራይፖድ ብቻ ያለው ሰው መጀመሪያ ኮከብ የሚከተል ትራከር ይግዛ፤ እዚህ ላይ ብዙም አልከራከርም። ትራከር ኖሮት በረጅም ሌንስ የሚቸገር ደግሞ ጠንካራ ኢኳቶሪያል ማውንት (ዘንጉ ወደ ሰማይ ዋልታ የሚቀና ማውንት) ያስፈልገዋል። አምራቹ የጻፈውን የመሸከም አቅም ለፎቶ ሥራ በግማሽ ቀንሳችሁ አስቡ። ማውንቱ ደህና ሆኖ ረጅም ኤክስፖዠር (አንድ ፍሬም ብርሃን የሚሰበስብበት ጊዜ) ላይ ብቻ ከተንሸራተተ፣ ከመለወጡ በፊት አንድ ኮከብ እየተመለከቱ የማውንቱን ስህተት የሚያርሙ ትንሽ ጋይድ ስኮፕና ጋይድ ካሜራ ጨምሩለት። ኦፕቲክሱ ከዚያ በኋላ ነው፤ ካሜራው መጨረሻ።

ለካሜራው አንድ ልዩ ሁኔታ አለ። የቀይ ኔቡላዎች ብርሃን በብዛት የሚመጣው ከሃይድሮጅን በ656.3 ናኖሜትር ነው፤ የተለመደ ካሜራ ውስጥ ያለው ማጣሪያ ደግሞ አብዛኛውን ያስቀረዋል። ምኞታችሁ እነዚህ ከሆኑና ክትትላችሁ ከተስተካከለ ማጣሪያው የተቀየረለት ካሜራ ዋጋ አለው። የከተማ ብርሃን የሚቀንሰው ጠባብ ፊልተርም እንዲሁ ለኔቡላ ይረዳል። ለጋላክሲ ብላችሁ ግን አትግዙት፤ የጋላክሲ ብርሃን በሁሉም ቀለም የተበተነ ስለሆነ ፊልተሩ እሱንም ይበላዋል።

ጨረቃና ፕላኔቶችን የምታነሱ ሰዎች ይህን ሁሉ ገልብጡት። እዚያ በሺዎች የሚቆጠሩ አጫጭር ፍሬሞች ተወስደው ምርጦቹ ስለሚደራረቡ ሰፊ ቴሌስኮፕና ረጅም ፎካል ርዝመት ይቀድማል፤ ማውንቱ ፕላኔቷን ፍሬም ውስጥ ካቆየ ይበቃል።

5. አንድ በአንድ ቀይሩ

አዲሱ ዕቃ ሲመጣ ሌላውን ሁሉ አትንኩት። የድሮውን የሰማይ ክፍል በድሮው ኤክስፖዠር ደግማችሁ አንሱና ሁለቱን ጥሬ ፍሬሞች በ100 በመቶ ጎን ለጎን ክፈቱ። ልዩነት ካላያችሁ የመመለሻ ጊዜው ሳያልፍ መልሱት።