ዕቃ ከመቀየራችሁ በፊት የሞተሩን ችግር ለዩ

መኪና ሲያስቸግር ብዙ ሰው የሚሮጠው ዕቃ ለመቀየር ነው። ካንዴላ (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው) ይቀየራል፣ ቦቢና (ለካንዴላው ኃይለኛ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው) ይቀየራል፣ ችግሩ ግን እዚያው ነው። እባካችሁ መጀመሪያ ለዩ። ጆሮ፣ አፍንጫና አንድ ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ብዙ ርቀት ይወስዳችኋል።

አልነሳ ካለ ቁልፉን ስታዞሩ በደንብ አዳምጡ። ቶሎ ቶሎ ጠቅ ጠቅ ካለ ብዙ ጊዜ ባትሪው ደክሟል፣ ወይም የባትሪው ገመድ ላልቷል። መብራቱ ደህና ሆኖ አንዴ ብቻ ጠቅ ብሎ ዝም ካለ ሞተሪኖውን (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን) ጠርጥሩ። ሞተሩ በደንብ እየዞረ አልነሳም ካለ ግን ባትሪውን ተዉት፤ አብዛኛውን ጊዜ ወይ እሳት ወይ ነዳጅ አልደረሰውም።

ባትሪውን ለኩት። ቆሞ ያደረ መኪና ላይ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፣ ከ12 በታች ከሆነ አልቋል በሉት። ሞተሩ ተነስቶም ቁጥሩ ወደ 14 ከፍ ካላለ ዲናሞው ባትሪውን እየሞላ ስላልሆነ አዲስ ባትሪ ብትገዙም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያው ነው።

ቀጥሎ ዘይትና ውሃ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ። የራዲያተር ክዳን በትኩሱ በፍጹም አይከፈትም፣ ፊት ያቃጥላል። ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው፤ የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጋስኬት ሊሆን ስለሚችል አታስነሱት። ጭሱንም እዩ፣ ግን ዝግ ጋራዥ ውስጥ አይደለም፣ ጭሱ ይገድላል። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነው፣ ጥቁር ከሆነ ነዳጅ በዝቷል። ሞተሩ ሞቆም የማይጠፋ ወፍራም ነጭ ጭስ ውሃ ወደ ሲሊንደር (ነዳጁ የሚቃጠልበት ክፍል) እየገባ መሆኑን ይጠቁማል።

አሁን ወደምወደው እንምጣ። መኪናው ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ ቆሞ ሲሠራ) ይንቀጠቀጣል፣ የቼክ ኢንጂን መብራት በርቷል፣ ስካነር (የብልሽት ኮድ የሚያነብ መሣሪያ) ስትሰኩ ፒ 0302 ይላል። ይህ ሁለተኛው ሲሊንደር በትክክል እንዳልተቃጠለ ይነግራችኋል እንጂ ቦቢና ግዙ አይልም! ሞተሩን አጥፉና የሁለተኛውን ቦቢና ከሦስተኛው ጋር አቀያይሩ። ኮዱን አጥፍታችሁ እንደገና አስነሱት። ኮዱ ፒ 0303 ከሆነ ጥፋቱ አብሮ ሄዷል፣ ጥፋተኛው ቦቢናው ነው። ካልተንቀሳቀሰ ካንዴላውን በተመሳሳይ መንገድ ሞክሩ። ካንዴላውን ስታወጡ ጫፉን እዩት፦ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ጤነኛ ነው፣ ደረቅ ጥላሸት የነዳጅ መብዛት ምልክት ነው፣ በዘይት ከራሰ ደግሞ ዘይት ወደ ውስጥ እየገባ ነው።

ቼክ ኢንጂን ብልጭ ድርግም እያለ አትንዱ፣ ያልተቃጠለው ነዳጅ ካታላይዘሩን (የጭስ ማጣሪያውን) ይጨርሰዋል። ቀዩ የዘይት መብራት ከበራማ ጥግ ይዛችሁ ወዲያው አጥፉት፣ ቤት እስክደርስ ማለት አያዋጣም።

ቦቢናም ካንዴላም ተቀያይሮ ኮዱ ሁለተኛው ላይ ከቀረ ኢንጀክተር (ነዳጅ የሚረጨው) ወይም ኮምፕሬሽን (የሲሊንደሩ የማመቅ ኃይል) ሊሆን ይችላል። እሱን ለመካኒክ ስጡት፤ ምን ከምን ጋር እንዳቀያየራችሁና ምን እንዳያችሁ ግን አንድ በአንድ ንገሩት፣ ከዜሮ እንዳይጀምር።