ጊታር ላይ እጅ ለምን ይቆማል? ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

ደሴ ላይ ጊታር አስተምራለሁ፤ የተበላሸም እጠግናለሁ። ብዙ ጊዜ የሚመጣልኝ አቤቱታ አንድ ዓይነት ነው፦ «በየቀኑ እለማመዳለሁ፣ ግን ፈቅ አላልኩም።» አብዛኛው ሰው ጥፋቱን ወደ ራሱ ያዞረዋል። ጣቴ አጭር ነው ይላል። ተሰጥኦ የለኝም ይላል። አብሽሩ፣ ጣታችሁ ምንም አልሆነም። ወይ ዕቃው ነው፣ ወይ የልምምዱ አካሄድ ነው።

የጊታር አያያዝ፣ የክሮቹን ስምና መነሻ ኮርዶቹን ታውቃላችሁ ብዬ ነው የምጀምረው። አቃኛኘትም እንደዚያው።

ምልክት፦ ጣት ክፉኛ ያማል፣ ኮርዱም ጥርት ብሎ አይወጣም

የመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ሳምንታት የጣት ጫፍ ማመሙ ያለ ነው። ቆዳው ይጠነክርና ይረሳል። ከዚያ በኋላም ክር ለመጫን ጥርስ መንከስ ካስፈለገ ግን ዕቃውን ጠርጥሩ። ክሮቹ ከአንገቱ በጣም ርቀው ይሆናል።

መለኪያው ኪሳችሁ ውስጥ አለ። የኤቲኤም ካርድ ውፍረቱ 0.76 ሚሊሜትር ነው። 12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ የተጋደመው ቀጭን ብረት) ላይ፣ በወፍራሙ ክርና በፍሬቱ ብረት መካከል ካርዶች ደራርባችሁ አስገቡ። የብረት ክር ያለው ጊታር ላይ ሦስት ካርድ ልክክ ካለ ጥሩ ነው። አምስት ካርድ ያለ ችግር ከገባ ያ ጊታር ለጀማሪ ቅጣት ነው። የናይለን ክር ያለው ላይ ግን አምስትም ቢገባ ጤነኛ ነው።

መፍትሄው ቀላል ነው። ብሪጁ (ደረቱ ላይ ክሮቹ የሚያያዙበት እንጨት) ላይ ክሮቹ የሚያርፉባትን ነጭ ቁራጭ አውጥታችሁ ከሥሯ በብርጭቆ ወረቀት አሳንሷት። 12ኛው ፍሬት ላይ 1 ሚሊሜትር ለማውረድ ከቁራጯ 2 ሚሊሜትር ይነሳል። ጥቂት ሞርዱ፣ መልሳችሁ ለኩ። የተነሳው አይመለስም። ከቁልፎቹ ሥር ያለችውን ሌላዋን ቁራጭ ግን በቤት ውስጥ አትንኳት። ስንጥቋ ትንሽ ከጠለቀ ክሩ ሳይጫን ጭምር ይንጫጫል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገር። የናይለን ክር ጊታር ላይ የብረት ክር አትግጠሙ። የናይለን ስድስቱም ክር ተደምሮ ወደ 40 ኪሎ ገደማ ነው የሚስበው። የተለመደው የብረት ክር 70 ኪሎ ይደርሳል። እንጨቱ ለዚያ አልተሠራም። ሱቅ ውስጥ «ሁሉም አንድ ነው፣ ይህኛው ድምፁ ይጎላል» ተብሎ ይሸጣል፤ ገዢውም አምኖ ይገጥማል። በወሩ አንገቱ ይጎብጣል፣ ብሪጁ ከደረቱ ይነሳል። አንዴ ብሪጁ ሙሉ ለሙሉ የተነቀለ ጊታር ከወልዲያ መጣልኝ። ባለቤቱ ሱፐር ግሉ አፍስሶበት፣ ያንኑ የብረት ክር መልሶ ገጥሞበት ነበር። ሁለተኛ ሲነቀል የደረቱን እንጨት ይዞ ተነሳ። እንዲህ የሆነ ዕቃ ለጥገና የሚጠይቀው ገንዘብ ከዋጋው ይበልጣል።

መለያው ይኸውና፦ ብሪጁ ላይ ክሩ በትንንሽ ፒን ከተወተፈ የብረት ነው። ክሩ ብሪጁ ላይ ተጠምጥሞ ከታሰረ የናይለን ነው።

ምልክት፦ ክሩ ይንጫጫል

ጣታችሁ ሁለት ፍሬት መሃል ላይ አርፎ ይሆናል። በጊታሩ ደረት በኩል ወዳለው ብረት አስጠጉት፤ ብረቱን ግን አትርገጡ። ከተጠጋ ግማሹ ጉልበት ይበቃል። አሁንም አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከጮኸ ፍሬቱ ብቅ ብሏል፣ ለባለሙያ ስጡት።

ምልክት፦ ቅኝቱ አይጸናም

አዲስ ክር ከሆነ ገና እየተሳበ ነው፤ ጥቂት ቀን በትዕግሥት ደጋግማችሁ ቃኙ። ስትቃኙ ሁልጊዜ ከታች ወደ ላይ ውጡ። ካለፋችሁ መልሳችሁ አውርዱና እንደገና ውጡ። ከደሴ ብርድ ወደ ኮምቦልቻ ሙቀት ስትወርዱ የብረት ክር ይላላል፣ ድምፁም ይወርዳል። ደርሳችሁ ጥቂት ቆዩና ቃኙ፤ መድረክ ላይ ወጥታችሁ አይደለም። ጊታሩን መኪና ኋላ ፀሐይ ላይ አትተዉት። ሙጫው ይለቃል።

ምልክት፦ ኮርድ ስትቀይሩ ጨዋታው ይቆማል

ከመጡልኝ ሰዎች አብዛኞቹ የተቸገሩት በዚህ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ቆም ብለን በደንብ እንየው።

ምልክቱን ታውቁታላችሁ። ጂ ኮርድ ላይ ቀኝ እጅ ደስ ብሎት ይመታል። ሲ ኮርድ ሲደርስ ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል። ግራ እጅ አንድ ጣት፣ ሁለት ጣት፣ ሦስት ጣት እያለ ቦታውን ይፈልጋል። ሲያገኝ ጨዋታው ይቀጥላል። ቤት ውስጥ ብቻችሁን ስትሆኑ አይታወቃችሁም፣ ምክንያቱም እናንተው ናችሁ የምትጠብቁት። ሰው ሲዘፍንበት ነው የሚጋለጠው። አንድ ተማሪዬ ሸዋበር አካባቢ የምርቃት ዝግጅት ላይ ጓደኛውን ሊያጅብ ተቀመጠ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ዘፋኙ ጥሎት ሄደ። ጭብጨባው ከዘፋኙ ጋር ነው፤ ጊታሩ ከኋላ ይሮጣል። ልጁ በማግሥቱ መጥቶ «ፍጥነት ነው የጎደለኝ» አለኝ።

ፍጥነት አልጎደለውም። መንስኤው ሁለት ነው።

አንደኛ፣ ቀኝ እጅ ግራ እጅን ይጠብቃል። መሆን ያለበት ግን ተቃራኒው ነው። ምቱን የያዘው ቀኝ እጅ ነው፤ ግራው ደረሰም አልደረሰም ቀኙ መሄድ አለበት። አድማጭ የተበላሸ ኮርድ ይቅር ይላል፤ የቆመ ምት ግን ይቅር አይልም።

ሁለተኛውና ሥር የሰደደው ደግሞ አለማመዱ ነው። ዘፈኑን ከመጀመሪያው ትጀምራላችሁ። አስቸጋሪዋ ቦታ ላይ ስትደርሱ ትሳሳታላችሁ። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው! በአንድ ሰዓት ውስጥ የምትችሉትን መግቢያ ደጋግማችሁ ተጫወታችሁት፤ የማትችሉትን ቅያሬ ግን እየደረሳችሁ ቆማችሁበታል። እጅ የተደጋገመለትን ነው የሚይዘው። መቆሙን ራሱን ነው የተለማመዳችሁት። ብዙ ዘፈን እስከ ግማሽ የሚችል፣ አንዱንም የማይጨርስ ልጅ ካያችሁ እንዲህ ነው የሚለማመደው። በዚህ ምክንያት ደህናውን ጊታሩን ሽጦ ውድ የገዛም አጋጥሞኛል። አዲሱም እዚያው ቦታ ቆመ።

ማረጋገጫ፦ ስልካችሁን አጠገባችሁ አድርጋችሁ ቅዱት። ስታዳምጡት እግራችሁን እያንኳኳችሁ አዳምጡ። እግራችሁ የሚደናበርበት ቦታ ላይ ነው ሥራው ያለው።

አሁን መፍትሄው። ዘፈኑን ለጊዜው ተዉት። የምትቆሙባቸውን ሁለት ኮርዶች ብቻ ያዙ።

ሜትሮኖም (ምት እየቆጠረ የሚያሰማ መተግበሪያ) ስልካችሁ ላይ ጫኑ። ነፃ የሆነ ሞልቷል፤ አንዴ ከወረደ ኔትወርክ የማይፈልግ ምረጡ። በደቂቃ 60 ምት ላይ አድርጉት። መጀመሪያ ግራ መዳፋችሁን ክሮቹ ላይ ጣል አድርጋችሁ አፍኗቸው፤ በቀኝ እጅ ብቻ አራት አራት እየቆጠራችሁ ወደ ታች ምቱ። አሰልቺ ነው። አትዝለሉት።

ከዚያ ግራ እጅን አስገቡ። አንዱ ኮርድ ላይ አራት ምት፣ ሌላው ላይ አራት ምት። ሕጉ አንድ ነው፦ ቀኝ እጅ አይቆምም። ግራው ካልደረሰ ባዶ ክር ይመታል። አራተኛው ምት ላይ ቀደም ብላችሁ ጣታችሁን አንሡ፤ ባዶ ክር ቢጮህም ግድ የለም። መጀመሪያ ያስጠላል። በጥቂት ቀን ግራው ቀኙን መከተል ይጀምራል። አራት ዙር ሳይቆም ካለፈ ሜትሮኖሙን በ5 ጨምሩ። ካልሆነ መልሱት። በአንድ ቀን ከ60 ወደ 100 የሚዘል ሰው ነገ 60 ላይም ይቆማል።

ጣቶቹ የሚሄዱበትን መንገድም እዩት። ከኤ ማይነር ወደ ሲ ስትሄዱ አመልካች ጣትና መሃል ጣት ያሉበት ይቆያሉ፤ የሚንቀሳቀሰው የቀለበት ጣት ብቻ ነው። ብዙዎች ግን ሦስቱንም አንስተው አየር ላይ ይበትኗቸዋል። ከኤ ማይነር ወደ ኢ ሜጀር ደግሞ የጣቶቹ ቅርጽ ሳይለወጥ እንዳለ ወደ ወፍራሙ ክር አንድ ክር ይሻገራል። ጂና ሲ ላይ ለምትቸገሩ፦ ጂን በመሃል፣ በቀለበትና በትንሿ ጣት ያዙት። ቀለበት ጣት ወፍራሙ ክር 3ኛ ፍሬት፣ መሃል ጣት ኤ ክር 2ኛ ፍሬት፣ ትንሿ ጣት ቀጭኑ ክር 3ኛ ፍሬት። ከዚህ ወደ ሲ ስትሄዱ ቀለበትና መሃል ጣት ተያይዘው አንድ ክር ብቻ ይወርዳሉ፤ አመልካች ጣት ቢ ክር 1ኛ ፍሬት ላይ ይጨመራል፤ ትንሿ ጣት ትነሳለች። ሸዋበር የተዘፈነበትን ልጅ ያዳነው ይኼ አያያዝ ነው።

በየቀኑ መጨረሻ ላይ አንድ ደቂቃ ሰዓት ያዙና ስንት ጊዜ እንደቀየራችሁ ቁጠሩ። ደብተር ላይ ጻፉት። ለጀማሪ 20 ያለ ነው። 60 ሲደርስ ዘፈኑን መልሱት፤ ያኔም ከቅያሬዋ ሁለት ምት በፊት ጀምሩና ሁለት ምት አልፋችሁ አቁሙ። ከዚያ በኋላ ነው ከመጀመሪያው መጫወት።

ሌላም ልጨምር። ሀይቅ የምትኖር ተማሪዬ መብራት ሲጠፋ በጨለማ ትለማመድ ነበር። እኩዮቿን ጥላቸው ሄደች፤ ዓይኗ ግራ እጇ ላይ አልተተከለማ። እናንተም ከልምምዳችሁ አምስት ደቂቃውን ዓይናችሁን ጨፍኑ።

በቀን 20 ደቂቃ ከእሑድ የሦስት ሰዓት ዘመቻ ይሻላል። ጠዋት በደሴ ብርድ እጃችሁ ሳይሞቅ አትጀምሩ። አውራ ጣታችሁ አንገቱን አንቆ ከያዘ ላላ አድርጉት። የእጅ አንጓ ወይም ክንድ ላይ ሕመም ከተሰማችሁ ወዲያው አቁሙ። የጣት ጫፍ ሕመም ይለመዳል፣ የአንጓ ሕመም አይለመድም። «ትንሽ ልግፋበት» ብለው ወራት ጊታር ያልነኩ አሉ።

ኤፍ ኮርድ ላይ የተቸገራችሁ ደግሞ ሙሉውን ለጊዜው ተዉት። ቀጭኖቹን አራት ክሮች ብቻ ይዛችሁ ተጫወቱ።

ምልክት፦ አምባሰልና ባቲ ጊታር ላይ «የሌላ አገር» ይመስላሉ

ይኼ ለእኛ ለወሎዎች ያንገበግባል። የቅኝቶቹ ስም ከእኛው መንደርና ተራራ ነው፤ ልጆቻችን ግን ከውጭ ቪዲዮ ብቻ ተምረው ሲያጅቡ ዜማው ይሰበራል። መንስኤው ጣት አይደለም፣ የኮርድ ምርጫ ነው። አምባሰልን ከኢ ስትነሱ ድምፆቹ ኢ፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ቢ እና ሲ ናቸው። ልጁ ኢ ሜጀር ይመታል። ኢ ሜጀር ውስጥ ጂ ሻርፕ አለ፤ ቅኝቱ ውስጥ የለም። ያቺ አንዲት ድምፅ ናት የምታበላሸው። በኢ ሜጀር ፋንታ ሦስቱን ወፍራም ክሮች ብቻ ምቱ፦ ኢን ባዶውን፣ ኤና ዲን 2ኛ ፍሬት ላይ ይዛችሁ። ኤፍ ሜጀርና ኤ ማይነር ግን ሙሉ በሙሉ ከቅኝቱ ድምፆች ስለተሠሩ በደንብ ይሄዳሉ።

ባቲ ማይነርን ምናልባት ሳታውቁት ትጫወቱታላችሁ። ከኤ ሲነሳ ኤ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ ነው፤ ሁሉም ቪዲዮ መጀመሪያ የሚያስተምረው ማይነር ፔንታቶኒክ (ባለ አምስት ድምፅ ስኬል) ይኸው ነው። ትዝታ ሜጀር ደግሞ ከሲ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው። ድምፆቹ አንድ ስለሆኑ ግን ቃናው አንድ አይሆንም። መሰንቆ የሚጫወት ሰው የት እንደሚያርፍ፣ የትኛዋን ድምፅ እንደሚያንቀጠቅጥ አዳምጡና አንድ ሐረግ በጊታር መልሱት። አንድ ሐረግ ብቻ፣ እስኪመስል ድረስ።

የቀሩት

ክር ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ከተበጠሰ እዚያ ቦታ ስለት አለ፤ በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት። ስትቃኙ ከተበጠሰ ደግሞ ከሚፈለገው ኢ አልፋችሁ ወደ ላይኛው ኢ እየወጣችሁ ሊሆን ይችላል። ቁልፉ ከተንሸራተተ ጎኑ ላይ ያለችውን ቪት አጥብቁ፤ ጥርሱ ካለቀ ቁልፉን ቀይሩ።