የስኖውሞቢል ሞላና አሞርዛተር አስተካከል፦ ለተደለደለ መንገድና ለተራራ በረዶ

አሜሪካ፣ ሚኒሶታ በገባሁ በአራተኛው ክረምት ያገለገለ ስኖውሞቢል ገዛሁ፤ ከፊት በሁለት ስኪዎች (የበረዶ መንሸራተቻዎች) ላይ እየተንሸራተተ ከኋላ በጎማ ሰንሰለት የሚገፋ የበረዶ ማሽን ነው። ሻጩ ተራራ ላይ የሚነዳ ሰው መሆኑን ነግሮኝ ነበር፤ የነገሩ ትርጉም የገባኝ ግን በመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ነው። መሪውን ወደ ግራ አዞርኩ፣ ስኪዎቹም ወደ ግራ ዞሩ፤ ማሽኑ ግን ምንም እንዳልተባለ ቀጥ ብሎ ወደ ጥዱ ተጓዘ። ጥፋቱ የእኔ አነዳድ መስሎኝ ግማሽ ክረምት ራሴን ስወቅስ ኖርኩ። በመጨረሻ ማሽኑን አንስተን ከሥር ስናየው አንዲት ማሰሪያ ከፋብሪካው ልክ ሁለት ቀዳዳ ረዝማ ተገኘች። እሷን ወደ ቦታዋ መመለስ ሃያ ደቂቃ ብቻ ፈጀ።

ብዙ ሰው ሰስፔንሽን፣ ማለትም ሞላውንና አሞርዛተሩን፣ ማስተካከል ሲባል መቀመጫው ሥር ያለውን ነገር ማለስለስ ወይም ማድረቅ ይመስለዋል። ዋናው ጉዳይ ግን ክብደት ነው፦ የማሽኑና የነጂው ክብደት ምን ያህሉ በስኪዎቹ ላይ፣ ምን ያህሉ ደግሞ በጎማው ሰንሰለት ላይ ይረፍ? በማሽን የተደለደለ የበረዶ መንገድ ስኪው በረዶውን እንዲነክስ ይፈልጋል፤ ጥልቅ የተራራ በረዶ ደግሞ ስኪው እንዲቀልና ማሽኑ በቀላሉ በጎኑ እንዲያዘነብል ይፈልጋል። ሁለቱን በአንድ ልክ ማስደሰት አይቻልም።

ከሥር ያለው ምንድን ነው?

በአብዛኛው ስኖውሞቢል ላይ አራት አሞርዛተሮች አሉ። ሁለቱ ከፊት፣ በየስኪው አንድ አንድ ናቸው። የቀሩት ሁለቱ የጎማው ሰንሰለት በሚዞርበት ክፈፍ ውስጥ ተደብቀዋል፤ አንዱ መሃል ላይ፣ ሌላው ወደ ኋላ። በብዙ የመንገድ ማሽኖች ላይ የኋላውን ሸክም የሚችሉት እንደ አይጥ ወጥመድ ሽቦ የተጠማዘዙ ሁለት ወፋፍራም ሞላዎች ናቸው። ከክፈፉ የፊት ክንድ ጋር ደግሞ ቀዳዳ የተበጀላት ጠንካራ ማሰሪያ ታስራለች፤ እኔን ግማሽ ክረምት ያስወቀሰችኝ እሷ ናት። የገደብ ማሰሪያ እንበላት። ስታጥር የሰንሰለቱ የፊት ክፍል ወደ ላይ ይሰበሰብና ክብደቱ ወደ ስኪዎቹ ይሄዳል። ስትረዝም ሰንሰለቱ ከፊት በኩል ማሽኑን ስለሚደግፈው ስኪዎቹ ይቀላሉ።

የማሽኑን ዓይነትም መርሳት አይገባም። ለመንገድ የተሠራው ሰንሰለቱ በአብዛኛው ከ120 እስከ 137 ኢንች ይረዝማል፤ ጥርሱም ከ1 እስከ 1.75 ኢንች ይሆናል። የተራራው ግን ከ146 ኢንች ይጀምራል፣ ጥርሱም 2.5 ወይም 3 ኢንች ይደርሳል፤ የሁለቱ ስኪዎች ርቀትም ጠበብ ያለ ነው። ቁልፍ በማዞር አንዱን ወደ ሌላው መለወጥ አይቻልም፤ ማቀራረብ ግን ይቻላል።

መጀመሪያ ያረጀውን ይለዩ

ሞተሩን ያጥፉ፣ ቁልፉን ይንቀሉ፣ የኋላውን ክፍል በጠንካራ ማቆሚያ ላይ ያንሱ። ከስኪው ሥር ያለውን፣ ካርባይድ ከሚባለው እጅግ ጠንካራ ቁስ የተሠራውን ስለት በጥፍርዎ ይሞክሩት፤ ጥፍሩን ካልፋቀ ደንዝዟል። የደነዘዘ ካርባይድ ይዞ ሰስፔንሽን ማስተካከል ውሃ በወንፊት መቅዳት ነው። ኩሺኔታዎቹን በእጅ ያዙሯቸው፣ የክንዶቹን መጋጠሚያዎች ግራሶ ያጠጡ፣ ዘይት ያፈሰሰ አሞርዛተር ካለ ከማስተካከል በፊት ጥገና ይሂድ። የሰንሰለቱንም ውጥረት የማሽኑ መመሪያ በሚያዘው መንገድ ይለኩ።

ቀጥሎ ሁሉንም ነገር ወደ ፋብሪካው ልክ ይመልሱ። በተለይ ያገለገለ ማሽን ከገዙ ይህን እርምጃ አይዝለሉት። የአሞርዛተሩን ማስተካከያ እስከ መጨረሻው ያጥብቁትና እያንዳንዷን የ«ቀጭ» ድምፅ እየቆጠሩ መመሪያው እስከሚለው ቁጥር ድረስ ያላሉት። ቁጥሩን በደብተር ይጻፉ። ስልክ አይመከርም፤ በብርድ ባትሪው ይሞታል፣ በጓንትም አይጻፍበትም።

ዝቅታውን መለካት

ለዚህ ሜትርና አንድ ረዳት ያስፈልጋል። ማሽኑ ደልዳላ ወለል ላይ ይቁም። ረዳትዎ የኋላውን መያዣ ብረት ሰስፔንሽኑ ሙሉ በሙሉ እስኪዘረጋ ድረስ ያንሳ፤ ሰንሰለቱ ግን ከመሬት አይልቀቅ። ከወለሉ እስከ ብረቱ ያለውን ቁመት ይለኩ። አሁን እርስዎ የሚነዱበትን ልብስ ሁሉ፣ ቡትስዎንና የራስ ቁርዎን አድርገው፣ የሚይዙትንም ቦርሳ ይዘው ይቀመጡ። ልብሱን ቀልድ አድርገው አይዩት፤ የተራራ ቦርሳ ከነአካፋው ሲታከል ክብደቱ ቀላል አይደለም። ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ታች ገፋ ገፋ አድርገው ይርጉና ረዳትዎ ያንኑ ቁመት እንደገና ይለካ። የሁለቱ ልዩነት ዝቅታው ነው።

ስኪ-ዱ በሚባለው የስኖውሞቢል ምርት ብዙ መመሪያዎች ላይ ዝቅታው ከ50 እስከ 75 ሚሊሜትር ቢሆን ደህና ነው ይባላል። ሌሎች አምራቾች አለካኩም ቁጥሩም ሊለይባቸው ስለሚችል የራስዎን ማሽን መመሪያ ይከተሉ። ዝቅታው ከተባለው ከበዛ የኋላውን ሞላ ያጥብቁ፤ ካነሰ ያላሉ። የተጠማዘዘው ሞላ በሚያርፍበት ጥርብ ላይ ደረጃዎች አሉ፤ የሚዞረውም ለእሱ በተሠራ ቁልፍ ነው። በፒንሳ የሞከረ ሰው ጣቱን ለአደጋ አጋልጧል። ግራና ቀኙ ሁልጊዜ እኩል ይሁኑ።

ለተደለደለ መንገድ

በሚኒሶታ ከ35,000 ኪሎሜትር በላይ የስኖውሞቢል መንገድ አለ። መደልደያው ማሽን ብዙውን ጊዜ ሌሊት ያልፍበታል፤ ጠዋት ጠረጴዛ ይመስላል፣ ከሰዓት በኋላ ግን ብዙ ሰው ስለተመላለሰበት ሞገድ ያወጣል። በፒስታ መንገድ በአይሱዙ የተጓዘ ሰው ያንን መንቀጥቀጥ ያውቀዋል፤ የበረዶው ሞገድ ግን ከዚያ የሰፋና የጠለቀ ነው። መታጠፊያም ሞገድም ያለበት ሁለት ሦስት ኪሎሜትር ይምረጡና በየለውጡ እሱኑ ደጋግመው ይንዱ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ።

መታጠፊያ ላይ ማሽኑ እንደ እኔው ቀጥ ብሎ ከሄደ፣ ካርባይዱም ስል ከሆነ፣ የገደብ ማሰሪያዋን በአንድ ቀዳዳ ያሳጥሩ። አሁንም ካልነከሰ የመሃለኛውን አሞርዛተር ሞላ ትንሽ ያላሉ። በተቃራኒው መሪው ከብዶ ከሰዓት በኋላ ክንድዎን የሚያዝል ከሆነ፣ ወይም ስኪው የቀደሙት ማሽኖች የተዉትን ቦይ እየተከተለ ወዲያ ወዲህ የሚጎትትዎ ከሆነ፣ ክብደቱ ወደ ፊት በዝቷል። ማሰሪያዋን ያርዝሙ፣ ወይም የመሃለኛውን ሞላ ያጥብቁ። ከዚያ በፊት ግን ሁለቱ ስኪዎች በትክክል መደርደራቸውን በሜትር ያረጋግጡ፤ የተጣመመ ስኪ ያመጣውን ችግር ሞላ አይፈታውም።

የሞገዱ ነገር ለብቻው ትኩረት ይገባዋል። አሞርዛተሩ ሁለት ሥራ አለው፦ ሲጨመቅ መቋቋምና ሲመለስ ፍጥነቱን መግታት። ኋላው እንደ በቅሎ እየረገጠ ከመቀመጫ የሚያነሳዎ ከሆነ አመላለሱ ፈጥኗል፤ የመመለሻውን ማስተካከያ ሁለት ቀጭ ያጥብቁ። የመጀመሪያውን ጉብታ በድሎት አልፎ ሦስተኛውና አራተኛው ላይ እየደረቀ፣ እየጠለቀም የሚሄድ ከሆነ ደግሞ አመላለሱ ዘግይቷል፤ ቀጣዩ ጉብታ ሲመጣ አሞርዛተሩ ገና አልተዘረጋም ማለት ነው። ያኔ ያላሉት። ብዙ ሰው ይህንን ሁለተኛውን ምልክት «ሞላው ለሰለሰ» ብሎ ይተረጉመውና ሞላውን ያጠብቃል፤ ጉዳዩ ይባባሳል። ዝቅታው ትክክል ሆኖ ሳለ አንድ ትልቅ ጉብታ ላይ ብቻ ብረት ከብረት ጋር ከተጋጨ የመጨመቂያውን ድርቀት ይጨምሩ እንጂ ሞላውን አይንኩ።

ለተራራ

ዋዮሚንግ ውስጥ ቶግዎቲ በሚባለው መተላለፊያ፣ 2,944 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከመንገዱ ወጣ ሲሉ ከወገብ በላይ የሚውጥ ዱቄት በረዶ ነው ያለው። እዚያ መሪ ብቻውን አያዞርም። ነጂው አንድ እግሩን ወደ ውጭ አውጥቶ ማሽኑን በጎኑ ያስተኛዋል፣ ተዳፋቱንም በአንድ ስኪና በሰንሰለቱ ጠርዝ ያቋርጣል። ስለዚህ የፊት ሞላዎቹ ከመንገዱ ይልቅ ላላ ይበሉ። ሁለቱን ስኪዎች የሚያገናኝ የማረጋጊያ ዘንግ ካለም መመሪያው ከፈቀደ ይፈታ፤ ማሽኑ እንዳያዘነብል የሚታገለው እሱ ነው።

ማሰሪያዋ ግን እዚህ ሁለት ጌታ አላት። ገና ከቆመበት በዱቄት በረዶ ላይ ለመነሳት ረዘም ያለች ማሰሪያ ትመቻለች፤ ስኪው ቀለል ብሎ አፍንጫው ወደ ላይ ይወጣል። ቀጥ ያለ ዳገት ላይ ግን ይኸው ቅለት ጣጣ ያመጣል፦ ነዳጅ ሲሰጡት ፊቱ ይነሳል፣ ክብደቱ ሁሉ ኋላ ላይ ይወድቃል፣ ሰንሰለቱም ወደ ፊት ከመሄድ ይልቅ ጉድጓድ ይቆፍራል። እኔ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሦስት ጊዜ ተቀብሬ፣ ሦስት ጊዜ በአካፋ ስወጣ ነው የተማርኩት። የአሁኑ ምርጫዬ ከፋብሪካው ልክ አንድ ቀዳዳ ብቻ ማርዘም ነው፤ ዋና ሥራዎ ዳገት መውጣት ከሆነ ግን ማሳጠሩ ይሻላል። ኋላው ቶሎ የሚቀመጥ ከሆነም የኋላውን ሞላ አንድ ደረጃ ያጥብቁ።

ማሰሪያ የበረዶ ናዳን አያስቆምም። ተራራ ከመውጣትዎ በፊት የዕለቱን የናዳ ማስጠንቀቂያ ያንብቡ፤ የናዳ ሬዲዮ (የተቀበረ ሰው ያለበትን የሚጠቁም)፣ መመርመሪያ ዘንግና አካፋ በእያንዳንዱ ሰው ላይ ይኑሩ።

አየር የሚሞላ አሞርዛተር ያላቸው

በብረት ሞላ ፈንታ በአየር የሚሠራ አሞርዛተር ካለዎ ግፊቱን ሞቃት ጋራዥ ውስጥ አይሙሉ። በ20 ዲግሪ ሙቀት 100 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) የነበረው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ወደ 85 ገደማ ይወርዳል። ማሽኑ ውጭ አድሮ፣ ስኪዎቹ ከመሬት ተነስተው፣ ለዚህ በተሠራ የእጅ ፓምፕ ይሙሉት። የጎማ መሙያ ኮምፕረሰር አይጠቀሙ፤ የአሞርዛተሩ የአየር ክፍል ትንሽ ስለሆነ ልኩን ለማለፍ ቅጽበት ይበቃዋል።

ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገሩ

ማሽንዎ ለሁለቱም የሚያገለግል ከሆነ በደብተሩ ላይ ሁለት ገጽ ይክፈቱ። የእኔ የመንገዱ ገጽ «ማሰሪያ በፋብሪካው ልክ፣ የኋላ ሞላ 3ኛ ደረጃ» ይላል፤ የተራራው «ማሰሪያ +1፣ የፊት ሞላ ሁለት ዙር ላላ»። በሞላው ጥርስ ላይ በነጭ ቀለም ምልክት አድርጌያለሁ፤ ብርዱ ጣት በሚያደነዝዝበት የመኪና ማቆሚያ ላይ ዙር መቁጠር አያስፈልገኝም።

ከጥልቅ በረዶ ወደ ደረቅ መንገድ ሲመለሱ ደግሞ አንድ ነገር ይጨምሩ። የክፈፉን የፕላስቲክ መንሸራተቻ የሚያቀዘቅዘውና የሚያለሰልሰው ሰንሰለቱ የሚረጨው በረዶ ነው፤ በተጋገረ መንገድ ላይ ያ በረዶ ስለሌለ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። መንገዱን ፍቀው በረዶ ወደ ሰንሰለቱ የሚረጩትን የበረዶ መፋቂያ ሽቦዎች ዝቅ ያድርጓቸው። የማሰሪያዋን ቡሎን ፈትተው ካሰሩ በኋላም የመጀመሪያውን 30 ኪሎሜትር ሲጨርሱ ቆም ብለው ዳዶውን በቁልፍ ይሞክሩት።