ዋሱ ማን ነው? የክፍያ ድርጅት ሲወድቅ ገንዘብ የሚያስበሉን ስህተቶች

ታይዋን ውስጥ ስልክ እጠግናለሁ። ድሬን ለማያውቅ ሰው፣ ታይዋን የምንለው ኤሌክትሮኒክሱም ልብሱም የሚቸረቸርበትን ገበያ ነው። አንድ ቀን ስድስት ሰዓት አካባቢ፣ ሙቀቱ ሰዉን ሁሉ ወደ ጥላ ሲያባርር፣ አንዲት እናት ከገንደ ቆሬ መጡ። ስልካቸውን በሻርፓቸው ጫፍ ጠቅልለውታል።

«የኔ ልጅ፣ ይሄን ስልክ ሥራልኝ። ገንዘቤ አልታይ አለኝ።»

ከፈትኩት። ስልኩ ምንም አልሆነም። ኔትወርክ አለው፤ ስክሪኑ ንጹህ ነው፤ ባትሪው ከእኔው ስልክ ይሻላል። እምቢ ያለው አንድ አፕ ብቻ ነው። ውጭ ያለው ልጃቸው ገንዘብ ሊልክላቸው የጫነላቸው አፕ። ድርጅቱ ተዘግቷል።

«እትዬ፣ ስልኩ ደህና ነው» አልኳቸው። ዝም ብለው አዩኝ። ለእሳቸው የስልኩ መበላሸት ይሻል ነበር። ስልክማ ይሠራል።

እሳቸውን ማጽናናት የከበደኝ እኔም ተበልቼ ስለማውቅ ነው። 312 ዶላር። ለሌላው ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ ለእኔ የስንት ስልክ ስክሪን ነው አቦ! ከዚያ ወዲህ ሱቄ የሚመጣውን ሰው ሁሉ እጠይቃለሁ። የሚሠራው ስህተት አንድ ዓይነት ነው። የማውቀውን ልዘርዝር።

ስክሪኑ ላይ ያለውን ቁጥር ገንዘብ ነው ብሎ ማመን

ቁጥሩ ገንዘብ አይደለም። የዱቤ ደብተር ነው። ባለሱቁ «እገሌ ይህን ያህል አለባት» ብሎ እንደሚጽፈው፣ ድርጅቱም «ለእገሌ ይህን ያህል አለብኝ» ብሎ ጽፏል ማለት ነው። ገንዘቡ ራሱ ሌላ ቦታ ነው። ወይም የለም።

ዕቁብ የጣለ ሰው ይሄን በደንብ ያውቀዋል። ዕቁብ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው። ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ካልጠራ ብሩን አይወስድም። ቢጠፋ የማን በር እንደሚንኳኳ ይታወቃል። ጎረቤቱን፣ የአክስቱን ልጅ ሳይቀር «ዋስህ ማን ነው?» የሚል ሰው፣ ስልክ ላይ ሲሆን አይቶት የማያውቀውን ድርጅት ምንም አይጠይቅም።

የአሜሪካው የሲናፕስ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ሲናፕስን ተራው ሰው አያውቀውም ነበር። ሰዉ የሚያውቀው ዮታን፣ ጁኖን የመሳሰሉ አፖችን ነው። አፖቹ ከፊት፣ ባንኮቹ ከኋላ። ሲናፕስ መሃል ላይ ተቀምጦ የማን ገንዘብ የት እንዳለ ይመዘግባል። የዕቁብ ጸሐፊ በሉት። ሚያዝያ 2016 በእኛ አቆጣጠር ኪሳራ ውስጥ ገብቻለሁ ብሎ ፍርድ ቤት ሄደ። ግንቦት 3 ቀን የሰዉ ሂሳብ ተቆለፈ። ቀኑ የሚገርመኝ፣ ቴሌብር ሥራ ከጀመረ ልክ 3 ዓመት የሞላው ያን ዕለት መሆኑ ነው።

ከ100 ሺህ በላይ ሰው፣ ወደ 265 ሚሊዮን ዶላር ተቆለፈበት። ደመወዝ የሚገባበት ነበር፤ ለቤት መግዣ ያጠራቀመ ነበር። ፍርድ ቤት የሾማት ባለአደራ መዝገቡን ከባንኮቹ ገንዘብ ጋር ስታስተያየው አልገጥም አለ። ከ65 እስከ 96 ሚሊዮን ዶላር ይጎድላል። ማን ወሰደው? ባንኩ ሲናፕስን ይከሳል፣ ሲናፕስ ባንኩን። ወራት አልፈው ገንዘብ መመለስ ሲጀመር፣ ለአንዳንዱ የደረሰው ካስቀመጠው ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር የሚገባ አልነበረም።

ልብ በሉ፣ ይህ የሆነው ሕግ በሚከበርበት አገር ነው። ሌባ የገባ አይመስልም። ጸሐፊው ደብተሩን በትክክል አልያዘም፣ አለቀ።

«ኢንሹራንስ አለው» ሲባል የምንን ኢንሹራንስ እንደሆነ አለመጠየቅ

የሲናፕስ ሰዎች ገንዘባቸው እስከ 250 ሺህ ዶላር መድን እንዳለው ተነግሯቸው ነበር። መድኑ እውነት ነው። ግን የሚከፍለው ባንክ ሲወድቅ ነው። የወደቀው መሃል ያለው ድርጅት እንጂ ባንክ አልነበረም። ስለዚህ መድኑ ዝም አለ። የሞተር ኢንሹራንስ ገብተህ ጎማህ ቢሰረቅ እንደማለት ነው።

እኛም አገር በ2013 በወጣ ደንብ የአስቀማጮች መድን ፈንድ ተቋቁሟል። ባንክ ወይም ማይክሮፋይናንስ ቢወድቅ ለአንድ አስቀማጭ እስከ 100 ሺህ ብር ይሸፍናል። አንድ ወዳጄ ይህን ሰምቶ «በቃ፣ ስልኬ ላይ ያለው ሁሉ ተጠበቀ» አለኝ። ኧረ ተው! የባንክ ተቀማጭ ሌላ፣ አንድ ሰው በቴሌግራም የላከልህ ሊንክ ሌላ።

ብሔራዊ ባንክ በ2012 ካወጣው መመሪያ ጀምሮ፣ በሞባይል ገንዘብ ለመሥራት ፈቃድ የወሰደ ድርጅት የደንበኞቹን ገንዘብ ከራሱ ለይቶ ባንክ ውስጥ ማስቀመጥ አለበት። ስልክ ላይ የሚታየውና ባንክ ያለው እኩል መሆን አለበት። ዋስ ማለት ይሄ ነው። እና አፕ ከመጫናችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ፈቃድ የሰጠው ማን ነው? «ብዙ ሰው ይጠቀምበታል» መልስ አይደለም። «ቢሮው ዱባይ ነው»ም መልስ አይደለም።

ማስተላለፊያውን ሳጥን ማድረግ

እኔን የበላኝ ይሄ ነው። ማታ ማታ ውጭ አገር ላለ ደንበኛ የስልክ ሶፍትዌር ሥራ እሠራ ነበር። ክፍያው በአንድ የኦንላይን ድርጅት በኩል ይመጣል። መጀመሪያ እንደገባ አወጣ ነበር። በኋላ ዶላሩ በየጊዜው ሲጨምር አየሁ። «ትንሽ ልጠብቅ፣ ነገ የተሻለ ይመነዘራል» አልኩ። 80 ነበር፣ 150 ሆነ፣ 312 ደረሰ። የእኔ ስሌት ምንዛሬውን እንጂ የያዘውን ሰው አላሰበም።

የክፍያ ድርጅት መንገድ ነው። ድልድይ ላይ ቤት አይሠራም። የዕለቱን ያዝበት፤ የቀረውን ወደ ባንክህ ውሰድ። የማውጫው ኮሚሽን ያበሳጫል፣ አውቃለሁ። እኔም በየጊዜው የሚቆርጠኝን ሁለት ሦስት ዶላር ላድን ስል ነው ሁሉንም ያጣሁት። በተለይ «ገንዘብህን እዚህ ብታቆየው በየቀኑ ይወልዳል» የሚል አፕ ካያችሁ ሩጡ። የሚያስተላልፍ ድርጅት ትርፉ ከማስተላለፉ ነው። ሳይሠራ የሚከፍላችሁ ከሆነ፣ ከኋላችሁ የገባውን ሰው ገንዘብ እየሰጣችሁ ሊሆን ይችላል።

የመጀመሪያዋን መዘግየት መናቅ

ድሬ ያደገ ሰው የደቻቱን ወንዝ ያውቀዋል። አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ጎርፉ ሲመጣ ግን የድሬ ሰማይ ጠርቶ ሊሆን ይችላል። ዝናቡ የጣለው ከላይ፣ ከተራራው ነው። በ1998 ክረምት በሌሊት የመጣው ጎርፍ ምን እንዳደረገን የሚረሳ የለም። ከዚያ ወዲህ ትልልቆቹ የሚያዩት ከራሳቸው በላይ ያለውን ሰማይ ሳይሆን የተራራውን ነው።

የክፍያ ድርጅትም ከላይ ነው የሚዘንብበት። ለእናንተ የሚደርሰው ምልክት ትንሽ ነው። በአንድ ቀን ይወጣ የነበረው ገንዘብ ሦስት ቀን ይፈጃል። «ለጥገና ለጊዜው አቋርጠናል» ይላል። የማስገቢያው ቁልፍ ይሠራል፣ የማውጫው አይሠራም። ይሄኛው ዋናው ነው። ማስገባት እየተቻለ ማውጣት ካልተቻለ፣ ጥገና የሚባል ነገር የለም። የእኔ «ጥገና» 11 ቀን ቆየ። በ12ኛው ቀን ድረ ገጹ ራሱ ጠፋ። በመሃሉ ለሁለት ቀን ማውጫው ተከፍቶ ነበር አሉ። እኔ ምንዛሬ እያየሁ ነበር።

አትደንግጡ ግን። የተቆለፈ ሁሉ ጠፋ ማለት አይደለም። የጀርመኑ የክፍያ ድርጅት ዋየርካርድ 1.9 ቢሊዮን ዩሮ የት እንደገባ ማሳየት አቅቶት ሰኔ 18 ቀን 2012 ኪሳራ ሲጠይቅ፣ የእንግሊዝ ተቆጣጣሪ በማግስቱ እዚያ ያለውን ቅርንጫፉን አገደ። በእሱ በኩል ካርድ ያወጡ አፖች ደንበኞች እንጀራ መግዣ አጡ፤ የእነሱን ዳቦ ማለቴ ነው። ከጥቂት ቀናት በኋላ እገዳው ተነሳና ገንዘባቸውን አገኙ። ለምን? እዚያ የደንበኛው ገንዘብ ተለይቶ እንዲቀመጥ ሕጉ ያስገድዳል። ዋስ ነበራቸው።

በሰው ስም መክፈት

ይህን በእኛ ከተማ ከሌላው ሁሉ በላይ አየዋለሁ። አፑ ኢትዮጵያን አይቀበልም። እና ጅቡቲ ባለ ዘመድ መታወቂያ ይከፈታል። ሲሙ የአጎት ነው፣ ኢሜይሉን የከፈተው የኢንተርኔት ቤት ልጅ ነው፣ ፎቶው የእህት ነው። ሰላም እያለ ሁሉም ይሠራል። ድርጅቱ ሲወድቅ ግን ባለአደራው ይመጣና «መታወቂያህን አሳይ» ይላል። በወረቀት አንተ የለህም። ገንዘቡ የዘመድህ ነው። ዘመድህ ደግ ከሆነ ደህና። ካልሆነስ? ሁለት ወንድማማቾች በዚህ ምክንያት ሱቄ ፊት ለፊት ሊደባደቡ ነበር።

ቢያንስ ሲማችሁን በስማችሁ አድርጉ። ይሄ የአንድ ቀን ሥራ ነው።

ውሉን ሳያነቡ «እስማማለሁ» ማለት

ማንም እንደማያነበው አውቃለሁ። እኔም አላነብም። አንድ መስመር ብቻ ፈልጉ፦ ያስገባሁት ገንዘብ የማን ነው? ሴልሺየስ የሚባለው የክሪፕቶ (የዲጂታል ገንዘብ) ድርጅት ሲወድቅ፣ ወለድ በሚከፍለው ሂሳብ ውስጥ 4.2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ዳኛው በ2015 መጀመሪያዎቹ ወራት የወሰኑት፣ ያ ንብረት የደንበኞቹ ሳይሆን የድርጅቱ ነው ብለው ነው። ውሉ እንደዚያ ይላል። ሁሉም ተስማምቷል። ደንበኞቹ ከሌላው አበዳሪ ጋር ወረፋ ያዙ።

መረጃን አፑ ውስጥ ብቻ መተው

አፑ ሲዘጋ ታሪኩም አብሮ ይዘጋል። በወር አንዴ የቀሪ ሂሳባችሁንና የዝውውር ዝርዝሩን ስክሪንሹት አንሱ፤ ለራሳችሁ ኢሜይል ላኩት። እኔ አላደረግኩትም።

ከወደቀ በኋላ ማፈር፣ ወይም መቸኮል

ያፈረው ዝም ይላል። «ተሸወድኩ» ማለት ይከብደዋል። የአቤቱታ ማስገቢያው ቀን ያልፋል። እነዚህ ነገሮች ቀን ቆራጭ ናቸው፤ ካለፈ አለፈ። የጃፓኑ የቢትኮይን መገበያያ ማውንት ጎክስ በየካቲት 2006 ሲወድቅ፣ ብዙ ሰው ገንዘቡን እርም ብሎ ተወው። ተመዝግበው የጠበቁት ግን በ2016 መቀበል ጀመሩ። አሥር ዓመት! ልጅ ወልደህ አራተኛ ክፍል ታስገባለህ።

የቸኮለው ደግሞ ሁለተኛ ይበላል። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? ድርጅቱ በወደቀ በሳምንቱ ቴሌግራም ላይ «ገንዘብዎን እናስመልሳለን» የሚሉ ይፈላሉ። ጠበቃ ነኝ ይላሉ፤ ማኅተም ያሳያሉ። መጀመሪያ ግን «ለፋይል መክፈቻ» ትንሽ ላክ። ለእኔም ጽፈውልኛል። ስሜን፣ ያጣሁትን ገንዘብ ሳይቀር ያውቃሉ። ከየት አመጡት? ከሚወድቀው ድርጅት ዝርዝሩ ራሱ ይሸጣል ብዬ እጠረጥራለሁ። ትክክለኛ ባለአደራ አቤቱታ ለማስገባት ብር ላክ አይልም። የሚስጥር ቁጥርም አይጠይቅም።

የገንደ ቆሬዋን እናት ጉዳይ ልጨርስ። ልጃቸው የባለአደራውን ቅጽ ከውጭ ላከልን። ሒሳቡ ደግነቱ በራሳቸው ስም ነው። ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብለን፣ ቬንቲሌተሩን ወደ እሳቸው አዙሬ፣ አንድ በአንድ ሞላነው። ልጁ የላከባቸውን ቀኖች እሳቸው በቃላቸው ይዘዋቸዋል። አንዱ የሮመዳን መግቢያ ነው፣ አንዱ የልጅ ልጃቸው የታመመ ጊዜ። ከልጁ ደረሰኝ ጋር አስተያየሁት፤ አንድም አልሳቱም።

አንድ ቦታ ላይ ተጣበቅን። ቅጹ የመንገድ ስም፣ የቤት ቁጥርና የፖስታ ኮድ ካልተሞላ አላልፍም አለ።

«ከመስጊዱ ጀርባ በለው» አሉኝ።

ጻፍኩት። ለኮዱ አራት ዜሮ አስገባሁ። አለፈ። መልስ እስካሁን አልመጣም፤ በየሳምንቱ አርብ ከሶላት በኋላ ብቅ ብለው ይጠይቁኛል።