አሮጌ ካርድ በአዲስ ኮምፒውተር ላይ ሲገጠም የሚፈጸሙ ስህተቶች

ድሬዳዋ ውስጥ አንድ ሱቅ ወይም መሥሪያ ቤት ኮምፒውተሩን ሲቀይር፣ ከአሮጌው የተነቀለው ግራፊክስ ካርድ ወይም የፕሪንተር ፖርት ካርድ ወደ አዲሱ እንዲዛወርለት ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ደህና የሚሠራ ካርድ መጣል የለበትም። ጉዳት የሚመጣው ሳይመረመር ሲገጠም ነው።

የስሎቱን፣ ማለትም በማዘርቦርዱ (በኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ ካርዱ የሚሰካበትን ቦታ፣ ዓይነት አለማጣራት የተለመደ ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው ፒሲአይ እና በ2003 የወጣው ፒሲአይ ኤክስፕረስ በስም ቢቀራረቡም አንዱ በሌላው ስሎት አይገባም፤ በጉልበት የሚሞክር ሰው ስሎቱን ይሰብራል። ሁለቱም ፒሲአይ ኤክስፕረስ ከሆኑ ግን የመጀመሪያው ትውልድ ካርድ በአራተኛው ትውልድ ስሎት ላይ በራሱ ፍጥነት ይሠራል፤ አጭሩ ካርድም በረጅሙ ስሎት ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ «አሮጌ ካርድ አዲሱን ማዘርቦርድ ያቃጥላል» እያሉ ደንበኛን ማስፈራራትም ራሱ ስህተት ነው።

ከሁሉም የከፋው፣ ደጋግሜ አይቼ መታገሥ ያቃተኝ፣ ምስል ጠፋ ተብሎ ተጀምሮ ዲስክ በመፎርማት የሚያልቀው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2012 በፊት የተሠሩ ብዙ ግራፊክስ ካርዶች የዩኢኤፍአይ (ኮምፒውተር የሚነሳበት አዲሱ ዘዴ) ፈርምዌር፣ ማለትም በካርዱ ውስጥ የተጻፈ ፕሮግራም፣ ስለሌላቸው፣ ሲኤስኤም (አሮጌውን የማስነሻ ዘዴ የሚደግፈው ምርጫ) በተዘጋበት ማዘርቦርድ ላይ ሲገጠሙ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ጀማሪው ካርዱን አውጥቶ ባዮስ (የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ይገባል፤ ሴኩር ቡትን (ያልተፈቀደ ፕሮግራም ኮምፒውተሩን እንዳያስነሳ የሚከለክለውን) ዘግቶ ሲኤስኤምን ይከፍታል፤ ምስሉም ይመጣል። እስከዚህ ድረስ ትክክል ነው። ነገር ግን በዚያው የዲስኩን ማስነሻ ወደ ሌጋሲ (ወደ አሮጌው ዘዴ) ብቻ ካዞረው፣ በጂፒቲ (በአዲሱ የዲስክ አከፋፈል) ዲስክ ላይ በዩኢኤፍአይ የተጫነው ዊንዶውስ አይነሳም። ዲስኩ አንዳች አልሆነም፤ ማስነሻውን ወደ ዩኢኤፍአይ መመለስ ይበቃው ነበር። እርሱ ግን «ሃርድ ዲስኩ ተበላሽቷል» ብሎ ይፎርማትና ዊንዶውስን እንደ አዲስ ይጭናል። መጋላ ሰፈር ያለ አንድ ነጋዴ የዓመታት የሂሳብ መዝገቡን ያጣው በዚህ መንገድ ነው፤ ዲስኩ እኔ ዘንድ ሲደርስ አዲስ ዊንዶውስ ስለተጻፈበት ማዳን የቻልኩት ጥቂቱን ብቻ ነበር። ቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) በበራበት ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ሴኩር ቡትን መንካት ብቻውን ባለ 48 አሃዝ የመልሶ ማግኛ ቁልፍ ሊያስጠይቅ ይችላል። ባለቤቱ ቁልፉን ሳይይዝ፣ ፋይሎቹም ወደ ሌላ ዲስክ ሳይገለበጡ ባዮሱን የሚነካ ባለሙያ በሰው ንብረት ላይ እየፈረደ ነው። አንዳንድ አዳዲስ ማዘርቦርዶች ሲኤስኤም ጨርሶ የላቸውም፤ እንዲህ ከሆነ ለደንበኛው እውነቱን ነግሮ ካርዱን መመለስ ይገባል።

ድራይቨሩ (ዊንዶውስ ካርዱን እንዲያሠራ የሚያስችለው ፕሮግራም) መኖሩን ሳያረጋግጡ ካርድ አይግዙ። ዊንዶውስ 11 ባለ 32 ቢት እትም የለውም፤ ባለ 32 ቢት ድራይቨር ደግሞ በባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ አይሠራም።

ለዶት ማትሪክስ (በመርፌ እየመታ ለሚያትም) ፕሪንተር ተብሎ የሚገጠመው የፓራሌል ፖርት (የአሮጌ ፕሪንተር መሰኪያ) ካርድ ዊንዶውስ ላይ በትክክል ታይቶም ላያትም ይችላል፤ ጥንታዊ ፕሮግራሞች ፖርቱን በ378 አድራሻ ብቻ ሲፈልጉት ካርዱ ብዙውን ጊዜ ሌላ አድራሻ ይሰጠዋል።

ስለ ኃይል የሚያስብ ጥቂት ነው። ስሎቱ ለግራፊክስ ካርድ የሚሰጠው እስከ 75 ዋት ሲሆን፣ ባለ ስድስት ፒኑ ገመድ ሌላ 75 ዋት ይጨምራል። ፓወር ሰፕላዩ ይህ ገመድ ስለሌለው ከሳታ (ለዲስክ ኃይል ከሚሰጠው) ገመድ በማገናኛ መውሰድ አደገኛ ነው፤ የሳታው መሰኪያ በ12 ቮልት የሚችለው 54 ዋት ብቻ በመሆኑ ሊቀልጥ ይችላል። በግንቦትና በሰኔ የድሬዳዋ ሙቀት፣ አቧራ በጠገበ ሳጥን ውስጥ፣ ይህ ፈጥኖ ይደርሳል። በአሮጌው ካርድ ማቀዝቀዣ ሥር የደረቀው ፔስትም (ሙቀት አስተላላፊው ቅባት) ከመገጠሙ በፊት ሊቀየር ይገባል።

ኮምፒውተሩ ጠፍቶም የኤሌክትሪክ ገመዱ ካልተነቀለ በማዘርቦርዱ ላይ 5 ቮልት ይቆያል፤ ካርድ የሚገባውም የሚወጣውም ገመዱ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላ ነው።