አዲስ የሶፍትዌር ቨርዥን ከመውጣቱ በፊት ስንሞክር የምንሳሳታቸው ነገሮች

ባለፈው አንድ ማስተርስ የሚማር ልጅ ላፕቶፑን ይዞ መጣና «የቡና እርሻዎቼ ከካርታው ላይ ጠፉ» አለኝ። ካርታውን ሳብ አድርገን ስናይ ነጥቦቹ በሙሉ አልጄሪያ ሄደው አናባ የምትባል ከተማ አካባቢ ተከምረዋል። የጅማ ላቲትዩድ 7.67፣ ሎንግቲውዱ ደግሞ 36.83 ገደማ ስለሆነ ሁለቱ ከተገለባበጡ ቀጥ ብሎ እዛ ነው የሚያርፈው። ስክሪፕቱን ከሲኒየሮቹ ነው የወረሰው፣ ላይብረሪው (ስክሪፕቱ የሚጠራው የተዘጋጀ ኮድ) ግን አዲስ ነበር። ፕሮጅ የሚባለው ኮኦርዲኔት የሚቀይረው ሶፍትዌር በፈረንጆች 2019 ቨርዥን 6 ላይ ሲደርስ የትኛው ቁጥር ይቀድማል የሚለውን እንደ ስታንዳርዱ አደረገው፣ ጂፒኤስ በሚጠቀምበት ሲስተም ደግሞ ስታንዳርዱ የሚያስቀድመው ላቲትዩድን ነው። ባግ አይደለም፣ ተጽፏል፣ ልጁ ጋር ያነበበው ሰው ግን አልነበረም። ኤረር የሚባል ነገርም አልመጣም።

የመጀመሪያውና ትልቁ ስህተት ይሄው ነው፣ «ኤረር ካልመጣ ሰላም ነው» ማለት። ኦፕን ሶርስ ሶፍትዌሮች ዋናው ከመውጣቱ በፊት ሪሊዝ ካንዲዴት የሚባል ሞክሩልን ቨርዥን ይለቃሉ፣ እኛ ደግሞ ኢንስቶል እናደርግና ተከፈተ፣ ሰራ፣ ብለን እንዘጋዋለን። ክራሽ ያደረገ ሶፍትዌር እኮ ቢያንስ ታማኝ ነው። የሚያስፈራው ዝም ብሎ ሌላ ቁጥር የሚሰጠው ነው። አር የሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር በ2019 3.6.0 ሲወጣ ሳምፕል የሚያደርግበት መንገድ ስለተቀየረ ያው ሲድ (የዘፈቀደ ምርጫው የሚነሳበት ቁጥር)፣ ያው ኮድ፣ ሌላ ናሙና ነው የሚያወጣው። የድሮው ትንሽ ያዳላ ስለነበር ለውጡ ትክክል ነው፣ ግን የድሮ ውጤታችሁን ሴቭ ካላደረጋችሁ በምን ታውቁታላችሁ? አዲሱን ከመንካታችሁ በፊት በአሮጌው ቨርዥን ሙሉ ስራችሁን አንዴ ራን አድርጉና ውጤቱን ለብቻ ፎልደር አስቀምጡት፣ ከዛ ነው ማወዳደር የሚቻለው።

ስታወዳድሩ ደግሞ ቁጥሮቹ ፍጹም እኩል አልሆኑም ብላችሁ አትደንግጡ። ኮምፒውተር 0.1 እና 0.2ን ደምሮ ልክ 0.3 አይሰጥም፣ መጨረሻ ላይ ኢምንት ልዩነት አለ፣ ስለዚህ ትንሽ ልዩነት ታልፎ ነው የሚወዳደረው። እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የማያስተውላት ወጥመድ አለች፣ ነምፓይ የሚባለው የፓይተን የቁጥር ላይብረሪ ውስጥ ያለውን ማወዳደሪያ፣ ኦልክሎዝን፣ ሳትነኩት ከተዋችሁት ከ0.00000001 በታች የሆነ ልዩነትን እንደ ምንም ነው የሚቆጥረው፣ እና ዳታችሁ ራሱ ከዛ ያነሰ ከሆነ (ፒ ቫልዩ የምትሰሩ ልጆች!) አንዱ የሌላው አስር እጥፍ ቢሆን እንኳን «እኩል ናቸው» ይላችኋል።

ሌላው፣ የምትሰሩበት ላይ ደርቦ መጫን። ይሄን እኔ ራሴ አድርጌዋለሁ፣ ፕሬዘንቴሽን ሶስት ቀን ሲቀረው ፒፕ (የፓይተን መጫኛው) ላይ ፕሪ የምትለዋን፣ ገና ለሙከራ ያለውንም አምጣ የምትል ትእዛዝ፣ ጨምሬ አንድ ላይብረሪ ጫንኩ፣ እሷ ሌሎቹን ጎትታ አመጣች፣ ከዛ በኋላ ምንም አልከፈት አለ፣ መብራት ደግሞ እንደ ወትሮው ጠፋ፣ በስልክ ኢንተርኔት ሙሉ ሌሊት ሳወርድ አደርኩ። ለሙከራ ሌላ ኢንቫይሮመንት (ከስራችሁ የተለየ መጫኛ ቦታ) መክፈት ሁለት መስመር ትእዛዝ ነው፣ አለቀ። ያወረዳችሁት ፋይል ግማሽ ላይ ተቆርጦ «ሶፍትዌሩ ተበላሽቷል» ብላችሁም እንዳታሳጡት፣ መጀመሪያ ቼክሰሙን (ፋይሉ ሙሉ መሆኑን የሚያሳየውን ኮድ) እዩ።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። ብዙዎቻችን የምንሞክረው ከሶፍትዌሩ ጋር በሚመጣው ምሳሌ ነው፣ ያቺ 150 አበቦች ያሏት አይሪስ የምትባል ዳታ ለምሳሌ። እሷን እኮ ዴቨሎፐሮቹ ሺ ጊዜ ሞክረዋታል! እነሱ ጋር የሌለው የእኛ ዳታ ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሞላ ፎርም ስጡትና እዩ፣ ጥቅምት 30 ማለት 30/2 ስለሆነ ለሶፍትዌሩ የሌለ ቀን ነው፣ ወይ ይጮሃል ወይ ባዶ ያደርገዋል። ጳጉሜ 5 ደግሞ ይብሳል፣ 5/13 ተብሎ ከተጻፈ ወር የሚያስቀድም ሶፍትዌር ሜይ 13 ብሎ ዝም ብሎ ይቀበላል። ፓንዳስ የሚባለው ሰንጠረዥ የሚያነብ የፓይተን ላይብረሪ በፊት እያንዳንዱን መስመር ለብቻው ይገምት ነበር፣ በ2023 ቨርዥን 2.0 ሲወጣ ግን የመጀመሪያውን መስመር አይቶ ሌላውንም በዛው ፎርማት ማንበብ ጀመረ፣ እና ከላይ ያለው ቀን የትኛው እንደሆነ ለውጥ ያመጣል ማለት ነው። ፊደላችንም ሌላ ፈተና ነው። ዊንዶውስ ላይ የነበረው የድሮው አር ግዕዝ ፊደልን በኮድ ቁጥር እየቀየረ ሲያሳየን ኖሮ የተገላገልነው በ2022 በ4.2.0 ነው፣ ስለዚህ የፎልደራችሁንም የኮለማችሁንም ስም አማርኛ አድርጋችሁ ሞክሩ። (ጅማ እና ጂማ ተብሎ ሁለት ቦታ ተጽፎ አልገጥም ካለ ግን ጥፋቱ የሶፍትዌሩ አይደለም፣ የኛው ነው።) ካርታ የምትሰሩ ደግሞ በአዲንዳን (የድሮው የኮኦርዲኔት ሲስተም) የተሰራ የድሮ ቶፖ ካርታ ጫኑበት፣ ወደ ጂፒኤሱ ሲስተም በትክክል ካልቀየረው ከ200 ሜትር በላይ ይስታል፣ የአንዱ ገበሬ ቡና የሌላው ጓሮ ውስጥ ይገባል።

«ሊኑክስ ላይ ሰርቷል አሉ» ብሎ መተውም አለ። እዚህ የተማሪው ሁሉ ላፕቶፕ ማለት ይቻላል ዊንዶውስ ነው። ከነምፓይ 2.0 በፊት፣ ማለትም እስከ 2024፣ ዊንዶውስ ላይ የሙሉ ቁጥሩ መደበኛ መጠን 32 ቢት ነበር፣ ትልቅ ቁጥር አይበቃውም፣ 50,000 ያለበትን አሬይ (የቁጥር ዝርዝር) በራሱ ስታባዙት −1,794,967,296 ይላችሁ ነበር። ሊኑክስ ላይ ግን ልክ ነበር።

ጊዜውም አጭር ነው። አር በየዓመቱ ትልቁን ቨርዥን ሚያዝያ አካባቢ ያወጣል፣ የመጨረሻው ካንዲዴት የሚቆየው አንድ ሳምንት ያህል ብቻ ነው፣ ከፋሲካ በኋላ እሞክረዋለሁ ያለ ሰው አንዳንዴ ዋናው ወጥቶ ነው የሚደርሰው።

ችግር ስታገኙ ደግሞ «አልሰራም» ብላችሁ አትላኩ፣ ማን ምን ያድርግበት? የትኛው ቨርዥን፣ የትኛው ዊንዶውስ፣ በአሮጌው ምን ይሰጥ ነበር፣ በአዲሱ ምን ሰጠ፣ ከዛ አስር መስመር የማትሞላ ኮድ። ዳታው የታካሚ ከሆነ ፋይሉን እንዳለ እንዳትለጥፉት፣ ስሙን ከፋይሉ መሰረዝ ብቻም አይበቃም፣ ቀበሌና እድሜ አንድ ላይ ካሉ ሰውዬው ይታወቃል። አምስት መስመር የውሸት ዳታ ስሩና ችግሩ እዛም ላይ ከታየ እሱን ላኩ።